75-300 ወይስ 55-250? ለካነን 2000ዲ ርካሽ ቴሌፎቶ ፍለጋ

ባለ 2000ዲ — ኅዳር 19

ሰላም ለቤቱ። ካነን 2000ዲ ካሜራ አለኝ። ወንድሜ ውጭ ሲሄድ ትቶልኝ የሄደው ነው። ሌንሴ አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለሰው ፎቶም ለቡና ሲኒም አሪፍ ነው፣ አልከፋኝም። ችግሩ ወፍ ላይ ነው። ግቢያችን ጽድ ላይ የሚያርፉትን ሳነሳ ወፉ ጤፍ ያህላል። አምና ጥምቀት ጃን ሜዳ ሄጄም ያው ነው። የሰው ጀርባ አነሳሁ፣ ከዚያ ጀርባ ፊት ደግሞ ሌላ ጀርባ።

ገንዘቤ 25 ሺህ ብር ነው። ግድ ከሆነ እስከ 30 እንጠራራለሁ። ሁለት ያገለገለ ቴሌፎቶ (ሩቁን የሚያቀርብ) ሌንስ አግኝቻለሁ። አንዱ 75-300 ነው፣ 14 ሺህ፣ ከነሳጥኑ። ሌላው 55-250 ነው፣ 27 ሺህ፣ ሳጥን የለውም። እኔ እንደሚገባኝ 300 ከ250 ይበልጣል፤ ዋጋው ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። ታዲያ ምኑ ያነጋግራል? ወይስ የማላውቀው ነገር አለ?

የሰርግ ካሜራ — ኅዳር 19

ወንድሜ፣ 75-300ውን ተወው።

ትልቁ ምክንያት ስታቢላይዘር የለውም። 55-250ው ላይ "አይኤስ" የሚል ጽሑፍ ታያለህ፤ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋው እሱ ነው። ሌንስ በረዘመ ቁጥር የእጅህም መንቀጥቀጥ አብሮ ይጎላል። የድሮው ልማድ እንዲህ ነው፦ የሌንሱን ርዝመት በ1.6 አባዛው (2000ዲ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ነው)፣ ከዚያ የሻተር ፍጥነትህን (መጋረጃው ተከፍቶ የሚቆይበትን የሰከንድ ክፍልፋይ) ከሚመጣው ቁጥር አታሳንስ። 300 በ1.6 ሲባዛ 480። ስለዚህ 1/500 ሰከንድ ሊኖርህ ይገባል። በጠራራ ፀሐይ ይገኛል። ደመና ሲመጣ ወይ ወፉ ዛፍ ውስጥ ሲገባ ግን አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ታደርሰውና ፎቶህ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

55-250 ኤስቲኤም (የአዲሱ ሞተሩ ስም ነው) ስታቢላይዘሩ 3.5 ስቶፕ ያተርፋል ይላል አምራቹ፤ አንድ ስቶፕ ማለት የሻተሩን ጊዜ እጥፍ ማድረግ ነው። አንተ ግማሹን ብቻ እመን። ግማሹ ራሱ 1/125 ላይ ያወርድሃል፣ ያውም ሌንሱን እስከ 250 ስበህ።

አሁን ወደ 300ው። በ250 ያነሳኸውን ፎቶ 300 እስኪመስል ብትቆርጠው ከ24 ሜጋፒክስል 16 ከምናምን ይተርፍሃል። ለስልክም ይበቃል፣ አሳትመህ ግድግዳ ላይ ለመስቀልም ይበቃል። 75-300 ደግሞ ከ200 ካለፈ በኋላ ምስሉ ይለሰልሳል። ሰማይ ላይ ያለ ቅርንጫፍ ስታነሳ ዳር ዳሩ ሐምራዊ መስመር ያወጣል። ማለትም የከፈልክበት 300 ላይ ስትደርስ ሌንሱ ደክሟል።

ገበያው ላይ ለምን በዛ ካልክ፣ አሜሪካ ውስጥ ይህን ካሜራ ከሁለት ሌንስ ጋር ጠቅልለው ሲሸጡት ሁለተኛው እሱ ስለሆነ ነው። ሰው ሳይመርጠው እጁ ይገባል፣ ከዚያ ይሸጠዋል። አሠራሩ የ1999 ነው።

ባለ 2000ዲ — ኅዳር 20

እህትህ ነኝ ወንድሜ :) ግን አመሰግናለሁ፣ ቁጥሩ በደንብ ሸውዶኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ሁለቱም ላይ 4-5.6 የሚል አለ። ምንድን ነው ትርጉሙ? አንድ ልጅ "2.8 ካልሆነ አትግዢ" ብሎኝ ነበር።

የሰርግ ካሜራ — ኅዳር 20

ይቅርታ እህቴ! ልማድ ሆኖብኝ ነው።

የሌንሱ ዓይን የሚከፈትበት መጠን ነው። ሌንሱ ሲያጥር 4፣ ሲረዝም 5.6። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብዙ ብርሃን ይገባል። 2.8 ከ5.6 አራት እጥፍ ያስገባል። ልጁ አልዋሸሽም፣ ግን ያንቺን ኪስ አልጠየቀም። 70-200 በ2.8 ማለት ኪሎ ተኩል የሚያህል ሌንስ ነው፣ ዋጋውም ካሜራሽን ብዙ ጊዜ ይገዛል። እኔ የምይዘው ለሰርግ አዳራሽ ጨለማ ስለሆነ ነው። አንቺ የምታነሺው ቀን ነው። 5.6 ለቀን ይበቃሻል። ደመራ ማታ ይዘሽው ከሄድሽ ግን እሳቱን እንጂ ሰዉን አታገኚም፤ ያኔ እንዳታማርሪኝ።

የጨለማ ክፍል — ኅዳር 21

ልጄ፣ እኔ በፊልም ጊዜ በአንድ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ስንት ጥምቀት አንስቻለሁ። 36 ፎቶ ብቻ ነበር በአንድ ጥቅልል። ዙሙ እግራችን ነበር። አሁን ሁሉም ሌንስ ይገዛል፣ ቆሞ የሚያይ ግን ጠፋ። እስቲ መጀመሪያ በ18-55ሽ ቀርበሽ ሞክሪ።

ባለ 2000ዲ — ኅዳር 21

ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው፣ ለሰው ሞክሬው ሠርቷል። ወፉን ግን በእግሬ ስቀርበው እሱ በክንፉ ይርቀኛል። ምን ላድርግ?

አሞራ ገደል — ኅዳር 21

ጋሼንም አንቺንም ላስታርቅ። ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ ወፍ ማንሳት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። እዚህ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ጋ አባ ኮዳ እግርሽ ስር ይመጣል። የዓሣ ጭንቅላት እየጠበቀ እንደ ሽማግሌ ቆሞ ያይሻል። እዚያ 250 ይበዛል፤ ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው የሚገባልሽ። ጭላዳም እንደዚያው ነው። ሳር እየነጨ ነው የሚውለው፣ ረጋ ብለሽ ከተቀመጥሽ ብዙም አይሸሽም። ዋሊያ ግን ሌላ ነው። ገደል ላይ ነው ያለው፣ በ250 ነጥብ ነው የምታገኚው። ስለዚህ "ስንት ሚሊሜትር ይበቃል" የሚለው ጥያቄ መልሱ እንስሳው ላይ ነው ያለው።

ትናንሽ የጓሮ ወፎች በ250 ይነሳሉ፣ ግን መቅረብ ያስፈልጋል። አምስት ስድስት ሜትር ውስጥ ካልገባሽ ላባው አይታይም። እኔ የማደርገው ይሄ ነው። ወፉን አልከተልም። ወፉ የሚመላለስበትን ቅርንጫፍ ሁለት ሦስት ቀን አይቼ እለያለሁ፣ ከዚያ ቀድሜ ሄጄ እቀመጣለሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት። ብርሃኑ ከጎን ነው፣ ወፉም ርቦታል። ቀትር ላይ መሬቱ ሲግል አየሩ ራሱ ይርገበገባል፤ ከሩቅ ያነሳሽው ሁሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ብዙ ሰው ያኔ ሌንሱን ይሰድባል። ሌንሱ ምን አደረገ?

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ እወቂው። ስታቢላይዘር ያንቺን እጅ እንጂ ወፉን አያረጋጋም። የሚበር ወፍ ከሆነ 1/1600 አካባቢ ያስፈልግሻል፣ ስታቢላይዘር ኖረም አልኖረም። ካሜራሽ ዘጠኝ የፎከስ ነጥብ አለው፤ የመሀሉን ብቻ ምረጪ፣ ጎበዙ እሱ ነው። በሰከንድ ሦስት ፎቶ ነው የሚያነሳው፣ ስለዚህ እንደ መትረየስ ለማንጣጣት አትሞክሪ። ዓይኑን ጠብቀሽ አንድ ጊዜ ተኩሺ።

መቀሌ ዲ3100 — ኅዳር 22

ክሩን ልጥለፍ ይቅርታ። እኔ ኒኮን ዲ3100 ነው ያለኝ። 70-300 ኤኤፍ-ፒ የሚባል ሌንስ በጥሩ ዋጋ አገኘሁ። ይሆነኛል?

ኒኮን ቤት — ኅዳር 22

አይሆንህም! በጊዜ ጠየቅህ። ኤኤፍ-ፒ ሌንሶች ሞተራቸው አዲስ ዓይነት ነው፤ ዲ3100 እና ዲ90ን የመሳሰሉ የቆዩ ካሜራዎች ላይ ፎከስ አያደርጉም። ይገጥማል፣ ምስል ይታያል፣ ፎከስ ግን የለም። ዲ3400 ወይ ዲ3500 ቢሆን ኖሮ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ እልህ ነበር። እሱም ቢሆን "ቪአር" (የኒኮን ስታቢላይዘር) የሚለው ያለውን ነው፤ ቪአር የሌለውም አለና። አንተ 55-200 ቪአር ወይ 55-300 ቪአር "ኤኤፍ-ኤስ" (ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለ) የሚል ፈልግ። "ኤኤፍ" ብቻ የሚል የድሮ ሌንስ ከሆነም ተጠንቀቅ፤ ያንተ ካሜራ ውስጡ ሞተር የለውም፣ በእጅህ ነው ፎከስ የምታደርገው።

ካነኖች ይህ ጣጣ የለባችሁም፣ እናውቃለን፣ ዝም በሉ :)

ቨርጂኒያ — ኅዳር 24

እህቴ፣ ከዚህ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገርሽ። ያንቺ 2000ዲ እዚህ አሜሪካ "ሬብል ቲ7" ነው የሚባለው። እስያ ውስጥ ደግሞ 1500ዲ የሚል ስም አለው። ካሜራው አንድ ነው። የአክስቴ ልጅ "ለ2000ዲ የሚሆን ሌንስ" ብላ ልካልኝ እዚህ ያለው ሻጭ "የማላውቀው ካሜራ ነው" ብሎኝ ግራ ተጋብቼ ነበር።

ሌንሱ ስሙ የትም አይቀየርም። "ኢኤፍ-ኤስ 55-250 አይኤስ ኤስቲኤም" ብለሽ ጻፊላቸው፣ በተለይ ኤስቲኤም የምትለዋን። ክብደቱ 375 ግራም ነው፣ ከአንድ ፓኬት ቡና አይበልጥም። እናቴ ሻንጣ ውስጥ ካልሲ ውስጥ ጠቅልላ ይዛ ሄዳለች። እና እባክሽ "አርኤፍ" የሚል ሌንስ እንዳታስገዢ። እሱ ለአዲሶቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች ነው፣ ያንቺ ላይ ጭራሽ አይገጥምም።

ባለ 2000ዲ — ታኅሣሥ 7

ወሬ ይዤ መጣሁ። 55-250ውን ሄጄ አየሁት። ሻጩ "ያው ነው" ይላል፣ እኔ ግን ቨርጂኒያ ያለችውን ጽሑፍ ብፈልግ ብፈልግ የለም። "ኤስቲኤም" አይልም፤ "አይኤስ" ብሎ ከጎኑ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉት። ፎከስ ሲያደርግ ጫፉ ይሽከረከራል፣ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅም አለው። በዚያ ላይ የስልኬን ባትሪ በኋላው አብርቼ በፊት ለፊት ሳይ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አለ። ሻጩ "አቧራ ነው" አለኝ። አቧራ እንዲህ ቅርንጫፍ ያወጣል?

የሰርግ ካሜራ — ታኅሣሥ 7

አቧራ ቅርንጫፍ አያወጣም። ፈንገስ ነው። ባትሪ ማብራቱን ማን አስተማረሽ? ጎበዝ።

ያየሽው የ2011ዱ ሁለተኛው ሞዴል ነው፤ ሁለቱ መስመሮች የሮማ ቁጥር 2 ናቸው። ኤስቲኤሙ 2013 ላይ ነው የወጣው። ንጹሕ ቢሆን ኖሮ መጥፎ ሌንስ አልነበረም፤ ስታቢላይዘር አለው፣ ምስሉም ለዋጋው ደህና ነው። ፎከሱ ዘገምተኛ ነው፣ ጫፉ ስለሚዞር ፖላራይዘር ፊልተር (ነጸብራቅ የሚቀንስ መስታወት) ያስቸግራል፣ ከ1.1 ሜትር በታችም አይቀርብም። ኤስቲኤሙ 85 ሳንቲሜትር ድረስ ይቀርባል። ለሁለተኛው ግን የኤስቲኤም ዋጋ አይከፈልም። በፈንገስማ ጭራሽ።

አዳማ — ታኅሣሥ 8

ፈንገስ እኮ ይጸዳል። ግማሽ ዋጋ አስቀንሳ ብትገዛውስ?

የጨለማ ክፍል — ታኅሣሥ 8

ይጸዳል ልጄ፣ ቶሎ ከተደረሰበት። ከቆየ ግን መስታወቱን ይበላዋል፤ ፈንገሱ ሲሄድ ጠባሳው ይቀራል። ዙም ሌንስ መፍታት ደግሞ ሰዓት እንደመፍታት ነው። ፈትቶ የሚገጥም ብዙ ነው፣ መሀሉን ጠብቆ የሚገጥም ጥቂት ነው። እኔ በክረምት ሌንስ ቆዳ ቦርሳ ውስጥ ዘግቼ ሁለቱን አጥቻለሁ። ጥፋቱ የእኔው ነበር። አሁን ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን የምሰበስባቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጨምሬ ነው የማስቀምጠው።

አንቺ ግን አትግዢው። ሰው መጀመሪያ የገዛው ሌንስ የታመመ ከሆነ ፎቶ ሲበላሽበት ራሱን ነው የሚጠራጠረው።

ባለ 2000ዲ — ታኅሣሥ 8

ጋሼ፣ ይቺን ንግግርዎን ጻፍኳት። ተውኩት።

ባለ 2000ዲ — ታኅሣሥ 23

ገዛሁ!!! ኤስቲኤም! ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ ነው የሸጠልኝ፣ 26 ሺህ። ካሜራዬን ከነባትሪውና ከነካርዱ ይዤ ሄድኩ። በስልኬ ባትሪ አየሁት፣ ንጹሕ ነው። ዙሙን ወዲያና ወዲህ አመላለስኩት፣ የሚይዝ ነገር የለም። ሻተሩን ግማሽ ስጫን ውስጡ ትንሽ ድምፅ ይሰማና የምታየው ነገር እንደ ተንሳፈፈ ጀልባ ቀጥ ይላል። ማዶ ያለ የሱቅ ታፔላ በ250 አነሳሁ፣ ስክሪኑ ላይ አጉልቼ ጽሑፉን አነበብኩ። ከፈልኩ።

አሁን የጨነቀኝ ነገር አለ። ቤት ገብቼ ማብሪያውን "ኤምኤፍ" (የእጅ ፎከስ) ላይ አድርጌ የፎከሱን ቀለበት ባዞር ባዞር ምንም አይንቀሳቀስም። ዝም ብሎ ይዞራል። ተበላሁ እንዴ?

የሰርግ ካሜራ — ታኅሣሥ 23

ካሜራው በርቶ ነበር?

ባለ 2000ዲ — ታኅሣሥ 23

...አልበራም።

የሰርግ ካሜራ — ታኅሣሥ 23

ሃሃ። ኤስቲኤም ላይ ቀለበቱ ከመስታወቱ ጋር በጥርስ አልተያያዘም። ለሞተሩ ትእዛዝ ነው የሚሰጠው፣ ሞተሩ ደግሞ ካሜራው ካልበራ የሞተ ነው። አብሪው፣ ሻተሩን ነካ አድርጊ፣ ይሠራል። እንኳን ደስ ያለሽ።

ለጥምቀት ሁለት ነገር ብቻ። ነጠላ ነጭ ነው፤ ካሜራሽ ነጭ ሲበዛበት ይደነግጥና ፎቶውን ያጨልማል። የመጋለጫ ማስተካከያውን ወደ +0.7 ወይ +1 ከፍ አድርጊ። ሌላው፣ ጃን ሜዳ አቧራ ነው። ሌንስ መቀያየሩን ቤት ጨርሺ። 18-55ቱን ከፈለግሽ ስልክሽ አለ።

የጨለማ ክፍል — ታኅሣሥ 24

ፀሐይዋንም ከኋላሽ ብቻ አታድርጊያት። የወርቅ ዘቦ ጥላ ብርሃን በጎን ሲመታው ነው የሚያምር።

ባለ 2000ዲ — ጥር 13

የሦስት ቀን ሪፖርት። ከከተራ ልጀምር፣ ያፈርኩት እዚያ ላይ ስለሆነ። ታቦታቱ ጃን ሜዳ ሲደርሱ ፀሐይ ሄዳ ነበር። አይኤስኦ 3200፣ 5.6፣ ሻተር 1/60 ወረደብኝ። ጥላው ጥርት ብሎ ወጣ፣ ካህናቱ ግን ሲያሸበሽቡ የነበሩት ሁሉ ጭስ ሆነዋል። አሞራ ገደል ያልከው ገባኝ። ሌንሱ እጄን አረጋጋ፣ ሽብሸባውን ማን ያረጋጋው። መቶ አርባ ፎቶ አንስቼ የተረፈኝ ስድስት ነው።

በ11 ጠዋት ግን ሌላ ዓለም ነበር። ብርሃኑ ከጎን፣ 1/500፣ አይኤስኦ 400። ውሃው ሲረጭ ጠብታው በአየር ላይ ቆሞ ወጥቷል። አንዲት ትንሽ ልጅ አባቷ ትከሻ ላይ ሆና ፊቷን ስትጠርግ ከሠላሳ ሜትር አነሳኋት። በ18-55 ብቀርባት ኖሮ ካሜራ አይታ ትሸማቀቅ ነበር። በ12 የሚካኤል ታቦት ሲመለስ ደግሞ አጥር ላይ ወጥቼ የመጎናጸፊያውን ጥልፍ ሳይቀር አገኘሁት። +0.7ቱ ነጠላውን አድኖልኛል። እጄም አልደከመ።

አንድ ጠባቂ ብቻ "ጋዜጠኛ ነሽ?" ብሎኛል። ሌንሷ ጥቁርና ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ለቀቀኝ።

ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ቀን ታቦታቱ እስኪደርሱ ቁጭ ብዬ ሳይ ብቻ ነበር የዋልኩት። ይወቁልኝ።

የጨለማ ክፍል — ጥር 13

አውቄያለሁ። የልጅቷን ፎቶ አሳትሚው፣ ስልክ ውስጥ አትቅበሪው።

አሞራ ገደል — ጥር 14

የክሩ መነሻ ግን ወፍ ነበር። ወፉስ?

ባለ 2000ዲ — ጥር 16

አልረሳሁም! ያልከኝን አደረግኩ። ሦስት ቀን ቅርንጫፉን አየሁ፣ ዛሬ 1 ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ጋቢ ለብሼ ተቀመጥኩ። አምስት ሆነው መጡ። ግራጫ ቡናማ ናቸው፣ ራሳቸው ላይ ቁንጮ አለ፣ ቅርንጫፉ ላይ ይንጠለጠላሉ። አንዷን ዓይኗ ድረስ ጥርት አድርጌ አገኘኋት። ፎቶውን ከላይ ለጥፌዋለሁ። ምን የምትባል ወፍ ናት?

አሞራ ገደል — ጥር 16

ማውስበርድ ይሏታል። ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እንደ አይጥ ስለምትሽሎከሎክ ነው። ዓይኗ በጣም ወጥቶልሻል። ግን ይቺ ወፍ ጅራቷ ከሰውነቷ ይረዝማል፣ መለያዋም እሱ ነው። አንቺ ፍሬሙ ላይ ቆርጠሽባታል። ነገ 200 ላይ መልሰሽ አንሺያት።